ከባሕር ዳር ደብዳቤ የጻፉት ሐኪም

በጃንዋሪ 2014 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የአፍሪካ ሀገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ላይ ተሰብስበው ሳለ፣ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር የነበሩት ዶክተር ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ ያልተለመደ ንግግር አሰሙ። ንግግሩ ኳሜ ለሚባል ወዳጅ የተላከ ደብዳቤ ነበር። ቀኑ ጃንዋሪ 24፣ 2063 ይላል፤ ቦታው ባሕር ዳር ነው፤ ጸሐፊዋም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበትን መቶኛ ዓመት ለማክበር በዝግጅት ላይ እንዳሉ ያወሳሉ። በደብዳቤው ውስጥ አህጉሪቱ በአንድ ኮንፌዴሬሽን ሥር ተሰባስባለች፤ ከተሞቿን ፈጣን ባቡር ያገናኛቸዋል፤ ኳሜ ንክሩማና ዘመነኞቹ በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተመኙት ነገር እውን ሆኗል።

ደብዳቤውን ያነበቡ ብዙ ሰዎች እንደ መልካም ምኞት ቆጥረው አልፈውታል። እኔን ግን ከምኞቱ ይበልጥ የጸሐፊዋ የሥራ ዘመን ያሳስበኛል። እኒህ ሴት ሕፃናትን ሲያክሙ የኖሩ ሐኪም፣ ቀጥሎም አምስት ዓመት የጤና፣ አሥር ዓመት ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው የሠሩ ፖለቲከኛ ናቸው፤ በሁለቱም ኃላፊነቶች ተመስግነዋል፣ ክፉኛም ተወቅሰዋል። በእኛ ዘንድ ስለ አንዲት ሴት ባለሥልጣን ሲጻፍ «የመጀመሪያዋ ሴት» የሚለው ማዕረግ ከተሰጣት በኋላ ብዕሩ የሚቆም ይመስላል። ምን እንደ ሠራች፣ ምን ሳትሠራ እንደ ቀረች፣ ያን ለማድረግ ከየት እንደ ተነሣች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዶክተር ድላሚኒ ዙማ ጉዳይ ይህን ጥያቄ ስከታተል የደረስሁበት ነገር፣ ከጤና ሚኒስቴር ወደ ውጭ ጉዳይ ሲሻገሩ የጀመሩትን ሥራ ይዘውት እንደ ሄዱ ነው። ለድሀ እናት መድኃኒት ማድረስና ከባዕድ መንግሥት ጋር መደራደር በእርሳቸው ዘመን አንድ ጉዳይ ሆነው ነበርና።

ድላሚኒ ዙማ በ1949 ዛሬ ክዋዙሉ ናታል በሚባለው የደቡብ አፍሪካ ክፍል፣ ስምንት ልጆች ባሉት ቤተሰብ ውስጥ የበኵር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በዙሉላንድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳትና የዕፅዋት ሳይንስ ተምረው ወደ ናታል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ፤ እዚያም በጥቁር ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደረሱ። የሶዌቶ ጥቁር ተማሪዎች በዘር መድልዎው አገዛዝ ላይ በተነሡበት በ1976 ሀገራቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ ትምህርታቸውንም እንግሊዝ ሀገር ብሪስቶል ላይ በ1978 ፈጸሙ። ከዚያ በኋላ በስዋዚላንድ፣ በምባባኔ ሆስፒታል ሕፃናትን አከሙ፤ የትግል ጓዳቸውን ጄኮብ ዙማንም በስደት ሳሉ በ1982 አግብተው አራት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ትዳሩም በ1998 በፍቺ አበቃ። ስለ ትዳሩ ከዚህ በላይ ማለት አልሻም። ብዙ ጸሐፊዎች ግን እርሳቸውን የሚያስተዋውቁት በቀድሞ ባላቸው ስም ስለ ሆነ አንድ ነገር ላስታውስ፦ ጄኮብ ዙማ በ2009 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ዶክተሯ በማንዴላ፣ በእምቤኪና በሞትላንቴ መንግሥታት ውስጥ 15 ዓመት በሚኒስትርነት ሠርተው ነበር።

በ1994 ኔልሰን ማንዴላ የጤና ሚኒስትር አድርገው ሲሾሟቸው የተረከቡት አገልግሎት በዘር የተከፋፈለ ነበር። ለነጮች የተሠሩት ሆስፒታሎች በሀብታም ሀገር ካሉት የማይተናነሱ ሲሆኑ፣ የገጠሩ ጥቁር ሕዝብ ክሊኒክ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄድ ነበር። አዲሱ መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ወራት ካወጣቸው ውሳኔዎች አንዱ ነፍሰ ጡር እናቶችና ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ እንዲታከሙ የሚያዝዝ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ወንዝ መሻገር ምን ማለት እንደ ሆነ ለሚያውቅ ለጎጃም ሰው የዚህን ውሳኔ ክብደት ማስረዳት አያሻም። ከዚያም አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች አንድ ዓመት በመንግሥት ተቋማት እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ ከኩባ ሐኪሞች መጡ፤ በ1999 የወጣው የትምባሆ ሕግም ማስታወቂያን ከለከለ፣ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ማጨስንም ገደበ። ሐኪሞቹም የትምባሆ ኩባንያዎችም ተቈጡ፤ ሚኒስትሯ ግን የሚያፈገፍጉ ሰው አልነበሩም።

ከሁሉ የከበደው ግን በ1997 የተሻሻለው የመድኃኒት ሕግ ነበር። ሕጉ መንግሥት አንድን መድኃኒት በርካሽ ከሚሸጥበት ሀገር ገዝቶ እንዲያስገባ ይፈቅዳል፤ የመድኃኒት መደብሮችም በውድ ስም ከሚሸጠው ይልቅ ያንኑ ይዘት ያለውን ርካሽ መድኃኒት ለሕመምተኛው እንዲያቀርቡ ያዛል። ኤች አይ ቪ በየቤቱ በገባባት ሀገር ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። 40 ያህል የመድኃኒት ኩባንያዎች በ1998 መንግሥቱን ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ የአሜሪካ መንግሥትም ደቡብ አፍሪካን በንግድ ክትትል መዝገቡ ውስጥ አስገብቶ ሕጉ እንዲሻር ጫና አደረገ። የአንድ ሀገር የጤና ሚኒስትር የራሷን ሀገር መድኃኒት ቤቶች ስለሚመለከት ሕግ ከዋሽንግተን ጋር መሟገት ግድ ሆነባት። በእኔ ግምት ዶክተር ድላሚኒ ዙማ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነትን የተማሩት ያን ጊዜ ነው። የመንደር ሕፃን የሚያድነው መድኃኒት ዋጋ በሩቅ ከተማ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደሚቈረጥ ያየ ሐኪም፣ ወደዚያ ጠረጴዛ መሄድ ሥራው እንደ ሆነ ይረዳል። ክሱ በኤፕሪል 2001፣ የዓለም ሕዝብ በኩባንያዎቹ ላይ ከተነሣ በኋላ፣ በራሳቸው በከሳሾቹ ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ዶሃ ላይ የተሰበሰቡት የንግድ ሚኒስትሮችም የፈጠራ መብት ሕግ የሕዝብን ጤና ከመጠበቅ ሊያግድ እንደማይገባ የሚገልጽ መግለጫ አወጡ።

በዚሁ የጤና ዘመን የተፈጸሙትን ጥፋቶች ዝም ብዬ ባልፍ ለአንባቢዬ ታማኝ አልሆንም። በ1996 ስለ ኤድስ ለማስተማር ለታሰበ አንድ የሙዚቃ ተውኔት 14 ሚሊዮን ራንድ ያህል ተመድቦ፣ የውል አሰጣጡ ሥርዓት የጣሰ ሆኖ በመገኘቱ ታላቅ ቅሌት ሆነ። ከዚያም የከፋው በ1998 መጣ፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ቫይረስ ሊቀንስ የሚችለውን ኤዜድቲ የተባለ መድኃኒት ለነፍሰ ጡሮች ማደል፣ ወጪው አይቻልም ተብሎ ተከለከለ። ለርካሽ መድኃኒት የታገሉ ሐኪም ይህን ውሳኔ ማጽደቃቸው ዛሬም ይከነክነኛል፤ የገንዘብ እጥረቱ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ በዚያ ምክንያት ቫይረሱን ይዘው የተወለዱ ልጆች ነበሩ።

ታቦ እምቤኪ በጁን 1999 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ዶክተሯን ወደ ውጭ ጉዳይ አዛወሯቸው። በደቡብ አፍሪካ ታሪክ ያን ወንበር የያዘች ሴት ከእርሳቸው በፊት አልነበረችም። ሹመቱ ሲሰማ ጠባያቸው ለዲፕሎማሲ አይስማማም ያሉ ነበሩ፤ ፈገግታ የማያበዙ፣ አጭር የሚናገሩ፣ ጋዜጠኛን የማያባብሉ ሴት ናቸውና። ይህን መሰል ነቀፋ ወንድ ሚኒስትር ላይ ሲሰነዘር እምብዛም አልሰማሁም። ሥራው ራሱ መልስ ሰጠ። የኮንጎ ጦርነት የብዙ ጎረቤት ሀገሮችን ሠራዊት ወደ ውስጥ ስቦ በነበረበት ወቅት፣ የኮንጎ መንግሥት፣ አማፅያኑ፣ ያልታጠቁት ፓርቲዎችና የሲቪል ማኅበራት በ2002 መጀመሪያ ሳን ሲቲ በተባለ የደቡብ አፍሪካ መዝናኛ ስፍራ ተሰብስበው ለሳምንታት ተወያዩ። በጁላይ 30፣ 2002 ኮንጎና ሩዋንዳ ፕሪቶሪያ ላይ ተፈራረሙ፤ በዲሴምበር ደግሞ የሽግግር መንግሥት የሚያቋቁመው ስምምነት እዚያው ተፈረመ። የፕሬዚዳንቶቹ ፎቶግራፍ በጋዜጣ ከመውጣቱ በፊት የነበሩት የሌሊት ንግግሮች፣ ረቂቁን እየሰረዙ መጻፍ፣ የኮረፈውን ተወካይ ወደ አዳራሹ መመለስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና የባልደረቦቻቸው ሥራ ነው፤ የዚህ ሥራ ምስጋናው ሁልጊዜ ያነሰ ነው። ምሥራቅ ኮንጎ ዛሬም ሰላም አላገኘም፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ብዙ የውጭ ሠራዊት ወደ የሀገሩ ተመልሷል።

በ2001 ደርባን ላይ የተደረገውን የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ዘረኝነት ጉባኤ የመሩትም እርሳቸው ናቸው። አሜሪካና እስራኤል ጉባኤውን አቋርጠው ሲወጡ፣ የአውሮፓ ሀገሮች ስለ ባሪያ ንግድ ይቅርታ በሚጠይቀው ቃል ላይ ሲያመነቱ፣ ስብሰባው ሊፈርስ ተቃርቦ በመጨረሻ መግለጫ ይዞ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በጁላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተሽሮ የአፍሪካ ኅብረት የተመሠረተው እዚያው ደርባን ላይ ነው።

አሁን ወደ ዚምባብዌ ልምጣ፤ የዚህ የሥራ ዘመን ጥላ ያለው እዚያ ነውና። የሮበርት ሙጋቤ መንግሥት ተቃዋሚዎችን ሲያስደበድብ፣ ጋዜጦችን ሲዘጋ፣ ገበሬው የሚበላው አጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሰደድ፣ ፕሪቶሪያ «ጸጥተኛ ዲፕሎማሲ» የምትለውን መንገድ መረጠች፤ ሚኒስትሯም መንግሥታቸው ዚምባብዌን በአደባባይ እንደማያወግዝ በግልጽ ተናገሩ። ሀገራቸው በ2007 እና በ2008 በጸጥታው ምክር ቤት አባል በነበረችበት ጊዜም በምያንማር ወታደራዊ መንግሥት ላይ የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብና በሙጋቤ መንግሥት ላይ ማዕቀብ የሚጥለውን ረቂቅ ተቃውማ ድምፅ ሰጠች። ምክንያታቸውን ለመረዳት ሞክሬአለሁ። በስደት ያደገ የነጻነት ንቅናቄ ጓዱን በጠላት ፊት አይነቅፍም፤ ሚስጥር መጠበቅና ለድርጅት ውሳኔ መገዛት ሕይወት ያተርፍ ነበር፤ ሙጋቤም የትግሉ ወዳጅ ነበሩ። ነገር ግን የድርጅት ጓድ ሕዝቡን ሲያስርብ ዝም ማለት ለተራበው ሕዝብ ምን ይባላል? በስደት የጠቀመው ዝምታ በሚኒስትር ወንበር ላይ ጎድቷል ብዬ አምናለሁ፤ በ2008 እምቤኪ ያደራደሩት የሥልጣን ክፍፍል ስምምነትም ይህን ጉዳት አላካካሰውም።

እዚህ ላይ ወደ ሀገሬ ጉዳይ ጥቂት እወጣለሁ። በምሥራቅ ጎጃም እነብሴ ሳር ምድር ያለችውን መርጡለ ማርያምን ያየ ሁሉ እቴጌ እሌኒን ሳያነሣ አይቀርም። የሐድያ ልዕልት የነበሩት እሌኒ በጎጃም ሰፊ ርስት ነበራቸው፤ ቤተ ክርስቲያኗንም ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ በሞግዚትነት ሲያስተዳድሩ፣ የቀይ ባሕር ጉዳይ ወዴት እንደሚያመራ ተመልክተው፣ ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ አስይዘው ሰደዱ። መልእክተኛው በ1514 ሊዝበን ገባ፤ የፖርቱጋል ልኡካንም በ1520 በምጽዋ በኩል መጡ። ይህን የመሰለ ሥራ ዛሬ የምንለው የውጭ ጉዳይ ነው፤ ያቀደችውም ሴት ናት። በዘመናችን ከ1932 ጀምሮ ጎጃምን ያስተዳደሩት የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ዮዲት እምሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አምባሳደር ሆኑ፤ ሁለተኛዋ ሳህለ ወርቅ ዘውዴ በ1989 ሴኔጋል ተሾሙ፣ በ2018ም ርእሰ ብሔር ሆኑ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ግን እስከ ዛሬ ለሴት አልተሰጠም። ይህ ክፍተት ያሳዝነኛል፤ ችሎታ ጠፍቶ ነው የሚል ካለ መልሱ መርጡለ ማርያም ላይ አለ።

ወደ ዶክተሯ ልመለስ። ከውጭ ጉዳይ ከወጡ በኋላ ሦስት ዓመት የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርን መሩ፤ የፓስፖርትና የመታወቂያ መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ለዓመታት በኦዲት ሲነቀፍ የኖረው ይህ ተቋም በእርሳቸው ጊዜ ንጹሕ የኦዲት ውጤት አገኘ። በጃንዋሪ 2012 አዲስ አበባ ላይ ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበርነት ከጋቦኑ ዣን ፒንግ ጋር ተወዳድረው ማንም ሳያሸንፍ ቀረ። የጁላዩ ጉባኤ በሊሎንግዌ እንዲካሄድ ታቅዶ የነበረ ቢሆንም፣ የማላዊዋ ፕሬዚዳንት ጆይስ ባንዳ፣ እርሳቸውም የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ናቸው፣ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የሚፈለጉትን የሱዳኑን ኦማር አልበሽርን አልቀበልም ስላሉ ስብሰባው ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። በጁላይ 15፣ 2012 ከብዙ ዙር በኋላ ድላሚኒ ዙማ 37 ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ትልልቆቹ ሀገሮች ለዚህ ወንበር አይወዳደሩም የሚለው ያልተጻፈ ልማድ ስለ ተጣሰ ቅሬታው ቀላል አልነበረም።

በኅብረቱ ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ እኛን ጎጃሞችን በልዩ መንገድ ይመለከታል። 2015 የአፍሪካ ሴቶች ዓመት ተብሎ ሲታወጅ፣ ሴቲቱ አጎንብሳ የምትቆፍርበትን የእጅ ዶማ ወደ ሙዚየም እንላከው የሚል ዘመቻ በጆሃንስበርግ ጉባኤ ላይ ጀመሩ። በብዙው የአፍሪካ ክፍል እርሻ ማለት ዶማ ነው፤ ዶማውን የያዘችውም ሴት ናት። በጎጃም ሁኔታው ይለያል። በሬ፣ ሞፈርና ቀንበር ከጥንት የነበሩ ናቸው፤ እርፍ የሚጨብጠው ግን ወንድ ነው፤ ሴት አታርስም የሚለው ልማድ ዛሬም ጠንካራ ነው። ጤፉን የምታርመው፣ አውድማውን የምትለቀልቀው፣ ጓሮውን የምትኮተኩተው፣ እህሉን የምታዘጋጀው ሴቲቱ ሆና ሳለ፣ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች እንደ ሆነ መሬቷን በእኩል ለሚያርስ ወንድ ሰጥታ ከራሷ ማሳ ግማሹን ምርት ታጣለች። በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የሚስትንም ስም እንዲይዝ መደረጉ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም ደብተሩ የእርሷ ሆኖ እርፉ የሌላ ሰው ከሆነ ሀብቱ ገና ሙሉ በሙሉ የእርሷ አልሆነም። የዶክተሯ ዘመቻ የተነሣው ስለ ሌላ መሣሪያ ቢሆንም፣ እኛ ዘንድ የሚጠይቀው ጥያቄ ከዚህ የጠለቀ ይመስለኛል፦ አነስተኛ የእርሻ ሞተር ወደ ቀበሌው ሲመጣ መሪውን የሚይዘው ማን ነው?

በኮሚሽኑ የነበራቸው ጊዜ ያለ ነቀፋ አላለፈም። ለማሊና ለመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጦርነት ዘግይተው ደረሱ፣ ልባቸው ሀገራቸው ነው ተባሉ፤ ሁለተኛ የሥራ ዘመን ሳይጠይቁም ሄዱ። ሐኪምነታቸው የታየው በኢቦላ ጊዜ ነው። ብዙ ሀገሮች ድንበር ሲዘጉ፣ አየር መንገዶችም በረራ ሲያቋርጡ፣ ኅብረቱ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከ800 በላይ አፍሪካውያን የጤና ባለሙያዎችን፣ ኢትዮጵያውያንንም ጨምሮ፣ ወደ ላይቤሪያ፣ ሴራሊዮንና ጊኒ ላከ። የአህጉሪቱ በሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም ተተኪያቸው በተመረጠበት በጃንዋሪ 2017 አዲስ አበባ ላይ ሥራውን ጀመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኮቪድ ሲመጣ አፍሪካ ተሰባስባ ክትባት የምትጠይቅበት ተቋም በእጇ ነበር። ከመድኃኒት ሕጉ እስከዚህ ማዕከል ድረስ አንድ ክር ያያይዛቸዋል።

በዲሴምበር 2017 ለፓርቲያቸው ለአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ መሪነት ተወዳድረው በሲሪል ራማፎዛ 2,440 ለ2,261 ተሸነፉ፤ ልዩነቱ 179 ድምፅ ብቻ ነበር። ለሽንፈቱ የቀድሞ ባላቸው አስተዳደር በሙስና መነቀፉ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ የዙማ ደጋፊዎች እጩ ሆነው መቅረባቸውን እኔም ስሕተት ነበር እላለሁ። ያም ሆኖ በራማፎዛ ካቢኔ ውስጥ አገለገሉ፤ በ2020 በኮቪድ ጊዜ የትምባሆ ሽያጭ እንዲታገድ ባደረጉ ጊዜ ሀገሩ ሁሉ ተንጫጫ፣ ፍርድ ቤትም እገዳው ሕጋዊ አልነበረም ብሎ ፈረደ።

በዲሴምበር 13፣ 2022 ስለ ፕሬዚዳንቱ የግል እርሻና እዚያ ተሰረቀ ስለተባለው ዶላር የቀረበው ሪፖርት በፓርላማ ድምፅ ተሰጠበት። የገዥው ፓርቲ አባላት ሁሉ እንዲቃወሙት ታዘዋል። የ73 ዓመቷ ሚኒስትር ስማቸው ሲጠራ ሪፖርቱን ደግፈው ድምፅ ሰጡ፤ ይህን የሚያደርጉትም ሥነ ሥርዓት ያላቸው የድርጅታቸው አባል ስለ ሆኑ እንደ ሆነ ተናገሩ። የ2017ቱን ሽንፈት ተበቀሉ ያሉ አሉ። እኔ ግን በዚምባብዌ ጉዳይ አሥር ዓመት ለድርጅት ሲሉ ዝም ያሉ ሰው፣ ድርጅት ማለት ትእዛዝ ብቻ እንዳልሆነ በሥራ ዘመናቸው መጨረሻ በአደባባይ መናገራቸውን ከሌላው ሁሉ አስበልጬ አያለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ሴቶችና ወጣቶች ሚኒስቴር ተዛወሩ፤ በ2024ቱ ምርጫም ለፓርላማ ሳይወዳደሩ በ75 ዓመታቸው ከመንግሥት ሥራ ተሰናበቱ።